የሞጣ መንገድ ላይ የቆመችው መኪና

ዛሬ ቢቸና፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ የመኪናዬን ሞተር መተንፈሻ ቱቦ ፈትቼ በቤንዚን ሳጥብ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

እናቴን ምጥ ይዟት ወደ ሞጣ ሆስፒታል ስንገሰግስ የአባቴ መኪና ዘይት እየተፋች ቆመች። አባቴ የተደፈነውን ቱቦ ነቅሎ ጥቁሩን ዝቃጭ በሽቦ እየጠረገ፣ "ተንፍሺ፣ እባክሽ ተንፍሺ!" ይላል። ለእናቴ ይሁን ለመኪናዋ አልገባኝም። እኔ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እናቴን እያየሁ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

መኪናዋ ሳትነሣ እህቴ የኋላ ወንበር ላይ ተወለደች። ድምፅ አልነበራትም። እናቴ "ማርያም! ማርያም!" እያለች ጀርባዋን ስታሻት ሕፃኗ ድንገት ጮኸች። አባቴ ሽቦውን ጥሎ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

የመኪናዬን ቱቦ ገጥሜ እንደጨረስኩ ሞጣ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ።

"ምነው እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ደንግጣ።

"ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።"