ለአንድ ሰርግ ሦስት ቀን

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊደፍን ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ሐምሌ ላይ፣ ያ ፊት የሚለበልበው ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን ነበር። እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ባየሁ ቁጥር ሐጂ ሮብሌ ትዝ ይሉኛል። ላልሰማ ሰው ሁሉ ማውራት ስለማይሰለቸኝ ባሌ "ደግሞ ጀመረች" ይለኛል።

እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ውስጥ ሹሩባ እየሠራሁ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ ሆኖ ነው መሰለኝ አፌ ከእጄ ይፈጥናል። ባሌ ማሪዮ የባሕር ማዶ ሰው ነው፤ ያኔ ወደብ ላይ ክሬን የሚተክል ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነበር። የአገሩን ስም አልጽፈውም። ኤምባሲው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ያነጋገረችን ሴትዮም ብትሆን ሥራዋን ነው የሠራችው።

የዚያን ሐምሌ የማሪዮ ኮንትራት አለቀ። የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ የሚያልቅ ነው። እኔ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፣ ለዚያውም የመጀመሪያዬ። አየር መንገዱ ስምንት ወር ካለፈኝ እንደማያሳፍረኝ ነግሮናል። ስለዚህ ወደሱ አገር የሚያስገባኝ ቪዛ ቶሎ ካልወጣ እሱ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ፣ ልጁም አባቱ በሌለበት ይወለዳል። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። ባልና ሚስት የሁለት አገር ሰዎች ሲሆኑ ለየብቻ ነው የሚጠይቁት፤ መልሳቸው ይገጥም እንደሆነ ለማየት። ማሪዮ "እውነቱን ብቻ ተናገሪ፣ ምንም አትጨምሪ" ብሎ መክሮኛል። እውነቱን ተናገርኩ። ጉድ የሠራኝም እውነቱ ነው።

"መቼ ነው የተጋባችሁት?" አለችኝ ሴትየዋ በፈረንሳይኛ።

"ጃንቪየ ሃያ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት" አልኳት። ጥር ያው ጃንዋሪ አይደል?

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ሃያ ሁለት።"

ቀና ብላ አየችኝ። ፓስፖርቴን ገለጠች፣ ደግሞ እኔን አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያስገደደሽ ሰው አለ?" አለችኝ። ሳቄ መጣ። "ኧረ እኔ ነኝ እሱን ያስገደድኩት!" አልኳት። እሷ ግን ፈገግም አላለች።

ቀጥሎ ማሪዮ ገባ። እሱ የሰርጋችንን ቀን "ጃንቪየ ሠላሳ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ" አላት። የጋብቻ ወረቀታችን ትርጉም ደግሞ 23/05/2013 ይላል። ጥር በእኛ አምስተኛ ወር ስለሆነ የተረጎመልን ሰው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦታል፤ ለፈረንጅ ግን አምስተኛው ወር ሜይ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ለአንድ ሰርግ ሦስት ቀን ሰጠናት። በዚያ ላይ ፓስፖርቴ ላይ ያለው የልደት ቀን በፈረንጅ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ከሄድን እኔ ያገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማሪዮ ደግሞ ያኔ አፍሪካን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃትም።

ሁለታችንንም ጠራችንና ወረቀቱን ፊታችን አስቀመጠች። "የአገሯ አቆጣጠር ነው" ብሎ ማሪዮ ሊያስረዳት ሞከረ። "ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የምልከው ወረቀት እንጂ ወሬ አይደለም። ፋይሉ ሐሙስ ቀትር ላይ ይሄዳል። እስከዚያ ቀኑን የሚያስረዳና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጣችሁ ውድቅ ይሆናል" አለች።

ድሬዳዋ ለእህቴ ደወልኩ። አጣርታ መልሳ ደወለችና አዲስ ወረቀት ለማውጣት ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ያውም ራሴ መገኘት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ከተማ ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ጋ ሄድን። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ "እኔ ቃል እተረጉማለሁ እንጂ ቀን አልቀይርም። ነገ ብጠየቅስ?" አለን። ምን ይባላል፣ እውነቱን ነው።

ቀትር አለፈ። ጫት ከተማ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ክፍት ቢሮ አይገኝም። እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከማሪዮ ጋር ተጣላን።

"ስምንት ዓመት ጎድሎ እያየህ ዝም ትላለህ?"

"የእናንተ አቆጣጠር ነው ብዬ ነዋ! ሁሉም ሰው የሚያውቅ መስሎኝ!"

ካርቲየ 4 እትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ገባን። የአዲስ አበባ መስመር የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ነው። ሽሮው ሲቀርብልኝ ሳልነካው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ብርቄ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና "ምን ሆነሽ ነው አንቺ? በዚህ ሆድሽ ይለቀሳል እንዴ?" አለችኝ። እኔም መቼ ቀስ ብዬ ማውራት አውቅበታለሁ፣ ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍኩት። ሾፌሮቹ ሁሉ መብላታቸውን ትተው ሰሙኝ።

እትዬ ብርቄ ወደ ጥጉ ዞር ብላ "ሐጂ፣ ሰሙልኝ ይሄን?" አለች።

ጥጉ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ሽርጥ የታጠቁ ቀጭን ሽማግሌ ሻይ ይጠጣሉ። ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ አይቻቸዋለሁ፤ ሰላም ብያቸው አላውቅም። የጅቡቲ ሶማሌ ናቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው አማርኛ የእኔው የድሬ አማርኛ ነው።

"ሰርግሽ መቼ ነበር፣ ልጄ? በእናንተው ንገሪኝ።"

"ጥር ሃያ ሦስት፣ 2013።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። ሻዩ ሳይበርድ ዓይናቸውን ገለጡ። "እሁድ ነው። የጊዮርጊስ ዕለት። በፈረንሳይ ጃንቪየ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ አንድ።"

ማሪዮ ያ ቁጥር ገብቶታል። ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ስክሪኑን አሳየኝ። እሁድ። ሰርጋችን እሁድ ነበር! ለሰውየው ደግሞ እሁድ ነው ብዬ አልነገርኳቸውም።

እኔ አላመንኩም፤ አንዴ ገጠመላቸው እንጂ ብዬ "ልደቴስ? ሰኔ አሥራ ሁለት፣ 1990" አልኳቸው። ጣታቸው ሄደ፣ መጣ። "ሰኔ ሚካኤል። ዓርብ ነው የተወለድሽው።" እናቴ ከዓርብ ገበያ ስትመለስ ምጥ እንደያዛት ስታወራ ነው ያደግኩት።

ከሾፌሮቹ አንዱ "እስቲ የእኔ ትልቋ ልጅ፣ ሚያዝያ ሰባት፣ 2001" አለ። ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩና "ረቡዕ። አቭሪል አሥራ አምስት። ሕማማት ነው፤ ፋሲካችሁ በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር" አሉት። ሰውየው ወዲያው ሚስቱ ጋ ደወለ። "ሕማማት ረቡዕ ነዋ! ስግደት ላይ እያለሁ አይደል እንዴ ምጡ የመጣብኝ? ረሳኸው?" ስትል በስልኩ ሁላችንም ሰማናት። አንዱ ጎረምሳ ሾፌር ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንዴት ነው የሚያውቁት?" አልኳቸው።

"ሥራዬ ነበር" አሉ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። "ሠላሳ ዓመት የባቡር ዕቃ ወረቀት አመሳክሬያለሁ። ከድሬ ሲነሳ በእናንተ ቀን ይጻፋል፣ እዚህ ሲራገፍ በፈረንሳይ ቀን። እኔ አንድ ቀን ከተሳሳትኩ ቡናው ሳይጫን የደረሰ ይሆናል። በዓላችሁን ያወቅኩት ደግሞ በዓል ቀን ጫኝ ስለማይገኝ ነው።"

ከዚያ ከአጠገባቸው የፌስታል ከረጢት አነሱ። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሲፈቱት ማኅተም ነው። ለካስ ጡረታ ከወጡ በኋላ ፍርድ ቤት መሐላ ፈጽመው የአማርኛና የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ሆነዋል! እኔ ስንት ወር በአጠገባቸው ሳልፍ የአንዱ ሾፌር ዘመድ ናቸው ብዬ ነው። እትዬ ብርቄ ጠረጴዛውን ጠረገችላቸው። የጋብቻ ወረቀቱን እንደ አዲስ ተረጎሙት፤ በግራ የእኛን ቀን፣ በቀኝ የእነሱን። ቀጥሎ የማሪዮን ፓስፖርት ጠየቁና ገጽ በገጽ ሄደው ከሰርጋችን ሦስት ቀን በፊት፣ ለሰርጉ ወደ ድሬ ሲያልፍ ድንበር ላይ የተመታለትን ማኅተም አገኙ። እሱንም ጻፉት። እኛ ያንን ፓስፖርት ስንት ጊዜ ገልጠነዋል፣ ልብ አላልነውም።

"ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አሉ። "የፈረምኩበትን ነገር ቆሜ ነው የምናገረው።"

ረቡዕ ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሱሪ ለብሰው ከእኛ ቀድመው ኤምባሲው በር ላይ ቆመዋል። ውስጥ ገብተው ለሴትየዋ ዝግ ብለው አስረዷት። ከመስከረም ጀምረው አሥራ ሦስቱን ወር በጣታቸው ቆጠሩላት። እሷም ሰማች፣ ማኅተሙን አየች፣ የድንበሩን ማኅተም አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ታዲያ በእውነት ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር?"

"በእውነት።"

ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት። "ትናንት ስለ አንቺ ሳስብ ነው የዋልኩት" አለችኝ። ለካስ ሴትየዋ በአሥራ አራት ዓመቷ የተዳረች ልጅ ፊቷ የተቀመጠች መስሏት ነው! እኔ ደግሞ ክፉ ናት ብዬ ስንቱን ስናገር አምሽቻለሁ። አፈርኩ።

ፋይሉ ሐሙስ ሄደ። ቪዛዬ ስምንተኛው ወር ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ወጣ።

ልሰናበታቸው እትዬ ብርቄ ቤት ስሄድ ሐጂ ሻያቸውን ይዘው እዚያው ጥግ ናቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። "ተይ፣ በዚህ ሆድሽ! ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ። "በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱ ቀኖቻችሁ ይለያያሉ። የእሱ ሠላሳ አንድ ከአንቺ ሃያ ሦስት በአንድ ቀን ይቀድማል። የሚመጣው ጥር እንደዚያ ነው። ረሳኸኝ ብለሽ እንዳትጣዪው።"

"እርስዎ ይሄን ደግሞ በባቡር ነው ያወቁት?"

ሳቁ። "አይ። ሚስቴ የድሬ ልጅ ነበረች። የሰርጋችንን ቀን እሷ በእናንተ ትቆጥራለች፣ እኔ በፈረንሳይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑ ሲለያይ ሳምንት ተኳረፍን። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በደንብ ተማርኩት፤ ሁለቱንም ቀን እናከብር ነበር።" ብርጭቆውን አዞር አዞር አደረጉ። "አሁን ብቻዬን ነው የማከብረው" አሉ።

ልጃችን መስከረም ላይ ተወለደች፣ አባቷ እጄን ይዞ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ረቡዕ ማሪዮ አበባ ይዞ መጣ። እኔ የኛውን ቀን መቁጠሪያ አይቼ ነገ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። "ምነው ቸኮልክ?" ልለው አፌን ስከፍት የሐጂ ነገር ትዝ አለኝ። በልጃችን ፊት ሁለታችንም ቆመን ሳቅን፣ የእኔ ሳቅ ወደ ልቅሶ ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩና "ሐጂን አቅርቢልኝ" አልኳት። ላስገርማቸው ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን ስልኩን ሲቀበሉ ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁም።

"ሐሙስ ነው፣ ጥር ሃያ ሦስት" አሉ። "ትናንት የእሱ ነበር፣ ለእሱ ዱዓ አደረግኩ። ዛሬ የአንቺ ነው፤ አሁን ጨርሼ መነሳቴ ነው።"

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ያ ቁጥር ሁሉ አይደለም፤ ቁጥሩን ስልክም ያውቀዋል። የእኛን ሁለት ቀን እንደ ራሳቸው ቀን መያዛቸው ነው። ያኔ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ እኔን፣ ጸጉር ሠሪዋን፣ ቃል አጠረኝ።