የማሽኑ ድርሻ

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ካዝና» ነው የሚላት። አክብሮት ሲጨመርበት ደግሞ «እትዬ ካዝና»። ስሙን ያወጣችላት የክፍሏ ልጅ ናት። እሷም ብትሆን በስሟ አትጠራም፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ስለሆነ «ቅመም» ተብላ ቀርታለች። ሁለቱ በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠራሉ። የሆቴሎች አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ በመኪና እየተጫነ የሚመጣበት፣ ጣሪያው በእንፋሎት ሲያልበው የሚውል ሰፊ አዳራሽ ነው። የአንድ አገር ልጆች የሆኑት ሠራተኞች ሾፌሩን ጨምሮ አሥር ናቸው። ካዝና ሁሉንም በዕድሜ ትበልጣቸዋለች። ሃምሳን ከተሻገረች ቆይታለች፤ ዕድሜዋን ሲጠይቋት ግን «ለሥራ ደርሻለሁ» ብላ ታልፋለች።

ካዝናነቷ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ደሞዛቸው የሚገባው በካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ የሚኖሩበት አገር ባንክ ካርድ አይደለም። የቀጠራቸው ኤጀንሲ ዋና ቢሮው ሌላ አገር ስለሆነ፣ እዚያው ካለ ባንክ ካርድ አውጥቶ አደላቸው። እዚህ ያሉት ባንኮች «የመኖሪያ ወረቀት አምጡና ሒሳብ እንክፈትላችሁ» ይላሉ፤ ወረቀቱ ያለው ኤጀንሲው መሳቢያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ባወጡ ቁጥር መንገድ ዳር ያለው ማሽን «ይሄ የውጭ ካርድ ነው» ብሎ ይቆርጣል። የካርዱ ባንክም በበኩሉ «ውጭ አገር ነው ያወጣችሁት» ብሎ ይቆርጣል። እዚህም ባዕድ፣ እዚያም ባዕድ። ትንሽም ያውጡ ብዙ፣ የሁለት ቀን ምሳቸው ይሄዳል። ሰው የገዛ ላቡን ለማየት መግቢያ ይክፈል? ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ይደበቃል። ይሄኛው ግን መብራት አብርቶ፣ በትሕትና «ይስማማሉ?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚወስደው።

መላውን ያገኘችው ቅመም ናት። ከካርድ ወደ ካርድ በስልክ መላክ በነፃ መሆኑን ደረሰችበት። «ታዲያ ሁላችንም ለአንድ ሰው ብንልክና፣ እሱ በአንድ ጊዜ ቢያወጣው? ማሽኑ አንዴ ብቻ ይቆርጣል፤ ለአሥር ስንካፈለው ደግሞ ምንም አይደል!» አለች። ማን ያውጣ ሲባል የሁሉም ዓይን ካዝና ላይ አረፈ። ከዚያ በፊት ከአንድ ትራስ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ገንዘብ አግኝታ፣ ሳትፈታው ወስዳ ለአለቃው አስረክባ ነበር። አለቃው ምን እንዳደረገው እግዜር ይወቅ፤ የእሷ ስም ግን ከዚያ ወዲህ ገነነ።

ደሞዝ በገባ ቁጥር ካዝና ገንዘቡን አውጥታ ትመጣለች። ከተቀደዱና ከተጣሉ አንሶላዎች አራት ማዕዘን ጨርቅ ትቆርጥና የእያንዳንዱን ድርሻ በየቀለሙ ክር ትቋጥራለች፤ ቀዩ የሾፌሩ፣ ሰማያዊው የቅመም እያለች። ማሽኑ የቆረጠውን እናዋጣ ሲሏት «ተዉት ባካችሁ፣ ለዚህች ደግሞ» ትልና ብዙውን ጊዜ ከራሷ ትችለዋለች። «ዕድሜ ይስጥሽ እትዬ» ይሏታል። ይህችን ምርቃት ትወዳት ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። አገሯ ሳለች ባሏ የስኳር ሣጥኑን ቁልፍ እንኳ ከእሷ ደብቆ፣ በአንገቱ አንጠልጥሎ ነበር የሚተኛው። ዕድሜዋን ሙሉ በሻይ ማንኪያ ስኳር ስትጠረጠር የኖረች ሴት፣ ዘጠኝ ሰው ደሞዙን ሲሰጣት ልቧ ለምን አይሞቅ? ከደሞዟ ይልቅ የምትኖረው በዚህ ነበር።

በስልክ ገንዘብ ሲላክ ምክንያቱን ጻፉ የሚል ቦታ አለ። ልጆቹ እዚያ ላይ «አደራ» ብለው ይጽፋሉ። በየወሩ ዘጠኝ «አደራ» ለአንዲት ሴት ይገባል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ወዲያው ጠራርጋ ታወጣዋለች። ባንኩ ይህን ሲያይ ቆይቶ ኖሮ አንድ ቀን ደወለ።

የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካዝና የባንኩን ሰዎች ቋንቋ ከ«እሺ»ና ከ«ይቅርታ» ብዙም አላለፈችበትምና ስልኩን ቅመም ያዘችላት። ጥቂት አዳምጣ ከጆሮዋ አራቅ አደረገችው።

«በየወሩ ዘጠኝ ሰው የሚልክልሽ ገንዘብ ምንድን ነው እያለ ነው። እትዬ፣ ብድሯን ነው የሚመልሱላት ልበለው?»

«ለማን አበድሬ አውቃለሁ?»

«ልጆቿ ናቸውስ ብለው?»

«ዘጠኝ ልጅ? ምን በደልኩሽና ነው የምትዋሺብኝ? እውነቱን ንገሪው!»

«እትዬ ሙች፣ እነዚህ ሰዎች እውነት ሲነግሯቸው አይወዱም።»

«አንዲት ሳንቲም የኔ የለበትም በዪው! የሰው አደራ ነው፤ ለየባለቤቱ ነው የማደርሰው። እንዲሁ አድርገሽ፣ ሳትቀንሺ ንገሪው።» ይህን ስትል አንገቷን ቀና፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር።

አንዲት ሳንቲም የኔ የለበትም። እኔና እናንተ ይህን ቃል ብንሰማ ሴትዮዋን አምነን ቤታችንን እንሰጣታለን። እዚያ ግን ራስን መክሰስ ነበር። ማንም አንብቦት በማያውቀው የካርዱ ውል ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በካርድ መያዝ ክልክል ነው ይላል። ብድር ነው ቢባል ያልፍ ነበር፤ ስጦታ ነው ቢባልም ያልፍ ነበር። የባንኩ ሰው በጨዋ ድምፅ አመሰገነና ስልኩን ዘጋ፤ ወዲያው ካርዷን ዘጋው። የአሥሩም የወሩ ደሞዝ፣ የራሷም ጭምር፣ ውስጡ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ታገሡ። «አይዞሽ እትዬ፣ ይከፈታል» አሉ። እሷም ኤጀንሲው ቢሮ ስትሄድ ባንኩን ጠይቂ፣ ባንኩ ጋ ስትደውል ኤጀንሲሽን ጠይቂ እየተባለች እንደ ኳስ ተንከባለለች። የቤት ኪራይ ደረሰ። አገር ቤት ያሉት መደወል ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ሾፌሩ መኪናውን እያራገፈ ጠጋ ያላት።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ምንም አላልኩም፤ ግን ሰው ምን ይላል?»

ሰው ማለት እሱ ነበር። የዚያኑ ሰሞን ሚስቱ ወልዳለች፤ የሕፃን ወተት መግዣ እንኳ እንደሌለው ተናገረ። ካዝና አንጀቷ አልቻለም። ከእናቷ የወረሰችውን የጆሮ ወርቅ አውልቃ ሸጠችና የእሱን ድርሻ በሙሉ ሰጠችው። ሌሎቹንም ቀስ በቀስ እንዲሁ ለማድረግ አስባ ነበር፤ ምን ሸጣ እንደሆነ እንጃ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ካርዱ ከተዘጋ ይሄ ከየት መጣ?» ተባለ። ወርቄን ሸጬ ነው ብላ ባዶ ጆሮዋን አሳየች። «ወርቁንስ በምን ገዛችው?» አለ አንዱ። የማጠቢያ ቤቱ ወሬ ደግሞ ከእንፋሎቱ ይፈጥናል፤ ምሳ ሳይደርስ ካዝና የሰው ደሞዝ በልታ ወርቅ የምትሸጥ የምትለውጥ ነጋዴ ሆና ዋለች። እንግዲህ ባትሰጠው ኖሮ አጥታ ነው ይባል ነበር። ስለሰጠች ሌባ ሆነች።

ቅመም ተቆጣች። ያ ረጅም ምላሷ ለሁሉም በተራ ደረሳቸው። «ስልኩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ! በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነኝ! አታፍሩም?» አለች። እነሱም አንድ ቀን አሰቡበትና ነገሩን አዞሩባት።

«እሱን ነው የምንለው» አላት ሾፌሩ። «ቋንቋውን የምትሰሚው አንቺ፣ ያነጋገርሽው አንቺ፣ አብረሽ የምታድሪው አንቺ። ምን እንደተባባላችሁ እኛ ምን እናውቃለን?»

ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ሠራተኞቹን በሚያመላልስበት መኪና ውስጥ ለቅመም ቦታ ጠፋ። ሰላምታዋ መልስ አጣ። ስትገባ ወሬው ይቆማል። አስቂኟ ልጅ የሚስቅላት ሰው ሲጠፋ ፈራች። አንድ እሑድ ፍራሿን ጠቀለለችና «እትዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እስኪበርድ ብቻ» ብላ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ክፍል ገባች። ካዝና በሩን ያዘችላት፤ ፍራሹ ሰፊ ስለነበር ለብቻዋ አይወጣላትም ነበር።

ሥራ ላይም ተለያዩ። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ከዚያ፣ አንዷ ከዚህ ጫፉን ይይዙና እየተቀራረቡ ያጥፋሉ፤ ካዝናና ቅመም ሲያጥፉ ሳይተያዩ እንኳ ጫፍ ከጫፍ ይገጥምላቸው ነበር። አሁን ቅመም ወደ ፎጣዎቹ ተዛወረች፤ ለካዝና ቋንቋዋን የማትሰማ አዲስ ልጅ ተሰጠቻት። አንሶላው እየተንጋደደ አለቃው ቀኑን ሙሉ ሲጮህባት ይውላል። ሆድ ብሷት ነበር፤ ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ ለአንሶላ አይከራከርም።

የተያዘው ገንዘብ የተለቀቀው በሥራ ሰዓት ነው። የአንዱ ስልክ ጮኸ፣ የሌላውም ቀጠለ፣ ከየሽርጡ ኪስ ስልክ ይወጣ ጀመር። ባንኩ አጣርቶ ጨርሶ ለእያንዳንዱ የላከውን መልሶለታል፤ መመለሻ ብሎ ትንሽ ቆርጦ። «ገባ! ገባ!» ተባለ። ተቃቀፉ። አንዷ «እኔ መጀመሪያም ተስፋዬ በእግዜር ነበር» አለች። ካዝና መተኮሻው አጠገብ አንሶላዋን እንደያዘች ጠበቀች። ይቅርታ አልጠበቀችም፤ ዞር ብለው ቢያይዋት ይበቃት ነበር። ማንም አላያትም።

ማታ ሲወጡ ሾፌሩ የወርቁን ገንዘብ ይዞ መጣ። ይህን እንኳ አልካደም፤ ግን ጎደሎ ነበር።

«ባንኩ የቆረጠብኝን ቀንሼ ነው እትዬ። ያው በአንቺ ምክንያት ስለሆነ...»

«እጄ ዱሮም አመድ አፋሽ ነው» አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ቸኩሎ ነበር።

በሚቀጥለው ደሞዝ አሥሩም ማሽኑ ጋ ተሰለፉ፤ ሁሉም የየራሱን ካርድ ይዞ። የእሷንም ካርድ ከማስጠንቀቂያ ጋር ከፍተውላታል። አንድ በአንድ እየገቡ ማሽኑ የሁለት ቀን ምሳቸውን ሲቆርጣቸው አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ እፎይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ማሽኑን ማን ሌባ ይለዋል? ዓመቱን ሙሉ ቢወስድም ሌባ አይባልም። ሳትወስድ የተባለችው እሷ ናት።

ቅመም ከፊቷ፣ ሾፌሩ ከኋላዋ ነበሩ። የቅመም ተራ ደረሰ። ካርዷን አስገብታ ዞር ስትል ካዝናን አየቻት፤ ከካዝና ትከሻ በላይ ደግሞ የሾፌሩን ዓይን አየች። ጎንበስ አለችና ግራ እጇን ቁጥሮቹ ላይ ዘርግታ ጋረደቻቸው። ያን የሚስጥር ቁጥር ካዝና ታውቀዋለች፤ ቅመም በትኩሳት የወደቀች ጊዜ መድኃኒት ግዥልኝ ብላ የነገረቻት ነው፣ ልጇ የተወለደችበት ዓመት ነው።

«አላይም፣ አይዞሽ» አለች ካዝና ቀስ ብላ።

«ለሱ ብዬ ነው እትዬ» አለች ቅመም ሳትዞር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ከአንቺ ስጋርድ እንዲያይልኝ ነው።»

ካዝና ለእሱ መሆኑን መች አጣችው። ቅመም ብትጠረጥራት ይሻላት ነበር፤ የሚጠረጥር ሰው አንድ ቀን እውነቱን ሲያውቅ ይመለሳል። ይህች ግን እውነቱን እያወቀች ነው የጋረደችባት።

ካዝና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ቅመም ገንዘቧን ቆጥራ እስክትሄድ ድረስም አልመለሰችውም።

«እትዬ፣ ተራሽ ደርሷል» አለ ሾፌሩ ከኋላዋ። «ቶሎ በይ እንጂ።»