ከደረጃው ጥግ ያለው ቢጫ ተልባ

እኔ እሳት ነኝ። መኩራራቴ አይደለም፣ ዳቦ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት ያወጡልኝ ስም ነው፤ «እሳቷ» ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ፊት ስለቆምኩ ብቻ አይመስለኝም። ሰው አንድ ሲናገረኝ አሥር እመልሳለሁ፣ ያውም ሳላስጨርሰው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስጮህበት እየሳቀ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይለኝ ነበር።

የማወራችሁ ግን ስለ ታላቅ እህቱ ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥበው ጡረታ የወጡ፣ ጣታቸው ያበጠ፣ የፌስታል ከረጢት እንኳ ሳያጥፉ የማያስቀምጡ ሴት ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ማጠቢያ ማሽን ሲጮህ ውሎ የሚሰማ ሰው ስለሌለ መናገሩን እዚያው ትተውት የመጡ ይመስለኛል። በራቸውና በሬ ፊት ለፊት ነው፣ ደረጃውም የጋራ ነው።

ደረጃውን የሠራው ባሌ ነው፣ ግንበኛ ነበር። ከውጭው በር ወደ ቤታችን የሚያወጡ አምስት የሲሚንቶ ደረጃዎች፣ ለስኖ ለስኖ መስታወት አደረጋቸው። ከጥጉ አሸዋና ፍርስራሽ ድንጋይ ተርፎት ስለነበር እዚያ ላይ ከአንድ ደንበኛው ግቢ ያመጣውን የተልባ ችግኝ ተከለ። ተልባ ስል በየዓመቱ የሚዘራውን፣ ሰማያዊ አበባ ያለውን እንዳይመስላችሁ። የዚህኛው አበባ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ሥሩ አካባቢ እንጨት እንጨት ይላል፣ ከርሞም ከዚያው ያቆጠቁጣል።

«ፀሐይ አትከልክይው፣ ውሃ አታብዢበት» አለኝ። «ፍግ የሚባል እንዳታሳዪው፣ ከጠገበ ይተኛል። አበባው ሲያልቅ ከላይ ከላዩን ቁረጪለት። ከተተከለበት መነሳት ግን አይወድም።»

በሦስተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለች። አበባውን ሳያይ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያ ተልባ ለእኔ ተክል መሆኑ ቀረ። እንቡጥ ሲያወጣ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። እኔ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ፤ በእረፍት ቀኔማ እስከ ስምንት ሰዓት ሬሳ ነኝ። ታዲያ ስመለስ የትናንቱ እንቡጥ ቀንሷል፣ አበባ ግን የለም። ያየሁት ባዶ አንገቱን ብቻ ነው። ማነው የሚቀጥፈው? አንጀቴ አረረ።

አንድ ቀን ምድጃው ተበላሽቶ ቀደም ብዬ ስመጣ እትዬ ተክሉ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። መዳፋቸው ሙሉ ቢጫ። እጅ ከፍንጅ!

«የሞተ ሰው አበባ ይሰረቃል?» ብዬ ጮህኩ። «የገዛ ወንድምሽን? ሌባ!»

አያችሁ፣ እርስዎ ስላቸው የኖርኩትን ሴት በአንድ ጊዜ «አንቺ» አልኳቸው። ከማዶ ያለው ባለሱቅ የስኳር ማንኪያውን እንደያዘ ወጣ፣ መንገደኛ ቆመ። እትዬ የሆነ ነገር ማለት ጀመሩ፣ አፋቸው ላይ ቆረጥኩት። መዳፋቸውን ጨብጠው ገቡ።

ሆድና ጀርባ ሆንን። ሰባት ዓመት! በአንድ በር እየወጣን፣ በአንድ ደረጃ እየረገጥን እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አንባባልም። ተልባውን ግን አንድም ዓመት አልበደልኩትም። በሰዓቱ ቆረጥኩት፣ ውሃውን መጠንኩለት፣ ሲደርቅ ክብ ክብ ፍሬውን ለቅሜ በቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ዕድሜው አጭር ነው፤ በአራተኛው ዓመት እናቲቱ ስትደክም በራሷ ዘር ተካኋት። አበባውን ግን አንድም ቀን ፈክቶ አላየሁትም። እትዬን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮ የጋለ ላሜራ ክንዴ ላይ ወደቀና ሐኪሙ የአሥር ቀን ፈቃድ ጻፈልኝ። በዚያው ሳምንት እትዬ ቤታቸውን አስረክበው ሌላ ከተማ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ እንደሆነ ሰማሁ፤ ቅዳሜ ዕቃቸውን ይጭናሉ አሉ። እሰይ አልኩ። ከመሄዳቸው በፊት ግን በዓይኔ በብረቱ ልያዛቸው ብዬ ሐሙስ ጠዋት ከመጋረጃው ኋላ ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ደረጃውን ነካችው። እንቡጦቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ተክሉ ጥጉን ሞልቶ ቢጫ ሆነ። ሰባት ዓመት ሳሳድገው መልኩን አላውቀውም ነበር። ተክሎ ሳያየው የሄደው ሰውዬ ትዝ አለኝና በታሰረው ክንዴ እንባዬን ጠረግሁ። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ሌባዋን ጠበቅኩ።

አራት ሰዓት፣ ማንም የለም። ስድስት ሰዓት፣ ማንም። ነፋስ የለ፣ ዝንብ እንኳ ዝር አላለም። አንዲት ቅጠል ከአበባው ተለይታ ወደቀች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያማ ጎትጉቶ የሚያባርራቸው ያለ ይመስል ይረግፉ ጀመር። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተክሉ ላይ የቀረው እኔ የማውቀው ባዶ አንገት ነው።

ክው አልኩ። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ላይ አረፈ፣ እፍኝ ዘር ያለባት። በየዓመቱ በገዛ እጄ የለቀምኩት ዘር! የተቀጠፈ አበባ ፍሬ ይይዛል እንዴ? አንቺ ድንጋይ ራስ፣ እላለሁ ለራሴ፣ ሌባ ወስዶት ቢሆን ይሄን ከየት አመጣሽው?

በዚህ መሃል የእትዬ በር ተከፈተ። ትንሽ መጥረጊያ ይዘዋል። ጉልበታቸውን እየደገፉ ከላይ ጀምረው ደረጃውን ጠረጉ፣ ሲሚንቶው ላይ የተጣበቁትን በጥፍራቸው እያነሱ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። ተክሉን አልነኩትም። ሲጨርሱ ቀና ብለው የውጭውን በር አዩ፣ ሰዓቴ መድረሱን የሚያዩ ነው የሚመስለው፣ ቶሎ ብለው ገቡ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! አርብን ሙሉ በራቸው ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው። አሥር ሲመልስ የኖረ አፍ አንዲት ቃል አጣ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። አልጋ ወጣ፣ ቁም ሣጥን ወጣ። እትዬ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆምኩና ባለሱቁን ጠራሁት። የሚያልፈውን መንገደኛም ጠራሁ።

«ሁላችሁም ስሙኝ! ሌባ ያልኩት በአደባባይ ነው፣ ይቅርታውንም በአደባባይ ነው የምጠይቀው። እትዬ አልሰረቁም። አበባው ራሱ ነው የሚረግፈው። እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

ከሰባት ዓመት በኋላ «እርስዎ» ስላቸው ዞር ብለው አዩኝ።

«ያኔም እኮ ነግሬሻለሁ» አሉኝ። «'ራሱ ነው የሚረግፈው' አልኩሽ። 'ምላስሽ ይርገፍ' አልሽኝ።»

እኔው ነኝ? እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቷል? ወጥቷል። ባለሱቁ መሬት መሬት አየ።

«ታዲያ ለምን ይጠርጋሉ? ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እያኮረፍኩዎት?»

«ወንድሜ ደረጃውን ሲለስነው አበዛው» አሉ። «ይሄ አበባ ሲረገጥ ያሟልጫል። አንቺ ደግሞ ደክመሽ ነው የምትመጪው፣ እግርሽ የት እንደሚያርፍ አታዪም።»

ይሄን ሲሉ እንደ ተራ ነገር ነው። የምሰጣቸው አጣሁና ሮጬ ቆርቆሮዋን አመጣሁላቸው።

«ዘሩን ይውሰዱ። ተክሉ መነሳት አይወድም።»

«ከሌባ ጋር ዘር ትካፈያለሽ?» ብለው ፈገግ አሉ። ተቀበሉኝ።

«ይቅሩ፣ እትዬ።»

«ይቅር ብያለሁ። መቅረቱን ግን ተይው፣ ቤቱ ተሰጥቷል፣ ልጄም እየጠበቀችኝ ነው። ያኔ ብትጠይቂኝ ኖሮ አብረን እናየው ነበር።» መኪናው ውስጥ ገቡ፣ ነጠላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ ሄዱ።

ፈቃዴ ሲያልቅ ሥራ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ እግሬ ተሟለጠ። በደህናው ክንዴ ወደቅሁ፣ ክርኔ ተላጠ። ቀና ብዬ ሳይ ከላይ እስከ ታች አምስቱም ደረጃ ቢጫ ነው።

ባለሱቁ ከማዶ እየሮጠ መጣ። «ምነው እሳቷ፣ ምን አገኘሽ?»

«የሚጠርግልኝ ሰው ሄዶ ነው» አልኩት።