ድምፁን ያጣው አስጨፋሪ በአዳማ መንገድ

እሁድ ማለዳ ከቀራንዮ ተነሣን። የተጓዝኩት ኳስ ወድጄ ሳይሆን ከጎረቤቴ ከጋሽ ሙዘይን ጋር ለመሆን ነው። የሰፈራችንን ክለብ ደጋፊዎች ለዘመናት ያስጨፈሩት እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ ግን ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ስታዲየምም ሄደው አያውቁም። ዛሬ ክለቡ አዳማ ላይ ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። «ብቻዬን አልችልም፣ አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ።

አውቶብሱ በሰማያዊና ነጭ ስካርፍ ተሞልቷል፤ ነገር ግን ጸጥ ብሏል። ደጋፊዎቹ ከተማዋን እስኪወጡ አይዘፍኑም፤ የሚጸልየው ይጸልያል፣ ዱዓ የሚያደርገውም ያደርጋል። ከመስኮቱ ውጭ ቤቶቹ በጉም ውስጥ እየሟሙ ያልፋሉ። እኔም ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም።

የፍጥነት መንገዱን ስንይዝ ሁሉም ወደ ጋሽ ሙዘይን ዞረ። የመጀመሪያው ስንኝ ሁልጊዜ የእሳቸው ነበር። ስካርፋቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ወደ ውጭ አዩ። ከበሮ የያዘችው ሰላም ጠጋ ብላ «ጋሽዬ፣ ይፈቅዱልኛል?» አለች። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷም ጀመረች።

አዳማ ደርሰን ፉል በላን። እሳቸው ሻያቸውን እያቀዘቀዙ «ባልመጣ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ውስጥ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ከእረፍት መልስ ጎል ገባብን። ግማሹ ደጋፊ አንድ ዘፈን፣ ግማሹ ሌላ ጀመረና ሁሉም ተበታትኖ ጠፋ። ያኔ ጋሽ ሙዘይን ተነሡና ማጨብጨብ ጀመሩ። ሁለት ቀስ ያለ፣ አንድ ጠንካራ። ሰላም ሰምታ በከበሮ ተከተለቻቸው። ከዚያ እሳቸው ያስጨፍሩበት የነበረው አሮጌ፣ ዝግ ያለ ዜማ ከታች ወደ ላይ እንደ ውሃ ሞላ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሜዳው ወርቅ መሰለ። ሰዓቱ ጠፋብኝ፤ ግጥሙን ሳላውቅ እዘፍን ነበር።

ተሸነፍን። ሣሩ ላይ የወደቁት ተጫዋቾች ግን ተነሥተው ወደ እኛ መጡ። በረኛው ያለቅሳል፤ እኛ ዘፈኑን አላቋረጥንም።

ስንመለስ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ተኝቷል። ጋሽ ሙዘይን ግን ፈገግ ብለዋል።

«ክለቡ እኮ ወረደ፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «እኔ ዝም ካልኩ ዘፈኑ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁሉም ያውቀዋል።»

ቀራንዮ ስንወርድ መሽቶ ነበር። ደጋፊ የሚሄደው ማሸነፍን ለማየት ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ግን ተሸንፈውም አልተበተኑም፤ በለሆሳስ እያዜሙ አንዱ ሌላውን ቤቱ ድረስ ሸኘ። ጋሽ ሙዘይን በራቸው ላይ ቆሙና «ለከርሞ የት የት እንደምንሄድ ጠይቅልኝ» አሉኝ።

«እንደምንሄድ» ነው ያሉት። እኔንም ቆጥረውኛል።