ፍሪዘሩን የነቀልኩበት ቅዳሜ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቋንቋ ጥናት የምትማረው ልጄ፤ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ቶሮንቶ የመጡ አንድ ሽማግሌ፤ ቅርጫ የምንካፈል ሁለት ጎረቤቶቼ፤ እኔም።

የሽማግሌውን ቋንቋ የሚናገሩት የጥቂት መንደር ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጄ ባረፉበት አፓርትመንት ድምፃቸውን ልትቀዳ ብትሞክር ቅጂው ሁሉ የአውቶቡስ ጩኸት ሆነባት። የቀራት አንድ ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ ወደ አገራቸው ይበራሉ። ስካርቦሮ ሰፈር ያለውን የቤቴን ምድር ቤት ሰጠኋት፤ ከአንድ ፍሪዘር በቀር ጸጥ ያለ ነው።

ትምህርቷን አልወደድኩላትም ነበር። እንግሊዝኛን ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንጀራ የማያበላ ቋንቋ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው መናገር እንደጀመሩ ልጄ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«አባዬ፣ ፍሪዘሩ ትንንሾቹን ድምፆች እየዋጠብኝ ነው።»

ነቀልኩት። ያኔ ሰማሁ። ጉሮሮ ላይ ተይዞ የሚለቀቅ ድምፅ አለ፤ በአፍንጫ ጀምሮ ከንፈር ላይ የሚፈነዳም አለ። ልጄ ስታስረዳኝ ደግሞ ተውላጠ ስሞቻቸው አስደነቁኝ። እኛ በአንድ «እኛ» የምናልፈውን እሳቸው ይለያሉ፤ ለሁለት ሰው ሌላ፣ ለብዙ ሌላ፣ አድማጩ ሲጨመርና ሲቀር ሌላ። «አንቱ» ግን የላቸውም። ይህ ቅር ስላሰኘኝ እንዴት እንደሚከባበሩ፣ የአገራቸውን መግባቢያ ቋንቋ በምታውቀው በልጄ በኩል ጠየቅኋቸው። የሚስታቸውን እናት በስማቸው ጠርተው እንደማያውቁ፣ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ እንደሚሸሹ ነገሩኝ። አክብሮትን የእኛ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ቅጂው ጥርት ብሎ ወጣ። ሽማግሌውን ስሸኝ መኪና ውስጥ ያን የጉሮሮ ድምፅ እሞክራለሁ፣ እሳቸው እየሳቁ ያርሙኛል። በዚህ መሃል ፍሪዘሩን መልሼ መሰካት ረሳሁ። ከቀናት በኋላ ሽታው አስታወሰኝ፤ ለፋሲካ ያስቀመጥነው የሦስት ቤት ሥጋ ነበር።

ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ለምን እንደነቀልኩትና ስለ ተውላጠ ስሞቹም ነገርኳቸው። አንደኛው አፍንጫውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ በሬያችንን በተውላጠ ስም ለወጡት?» አለኝ።

ሁሉንም እኔ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። መጀመሪያ ምን እንደተቀዳ እንስማ አሉና ልጄ ከፈተችላቸው። ሽማግሌው ስለ ወንዛቸው ሲያወሩ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ እያንዳንዳችን የድርሻችንን ኪሳራ ቻልን። በድምሩ ዘጠኝ መቶ ዶላር።