የአረንጓዴው ውሃ ተጠርጣሪዎች

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አትላንታ፣ ዶራቪል ካለ አንድ ትልቅ ገበያ ዓሣ ልገዛ ገብቼ ነበር። በሕይወት ያሉት ዓሦች ከሚዋኙባቸው ገንዳዎች የአንደኛው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። ሻጩ መረቡን ይዞ «የትኛውን ላውጣልሽ?» ሲለኝ እኔ አጎንብሼ የገንዳውን ሥር እያየሁ ነበር። ማን ምን እንደጣለበት እየፈለግኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ጠበቀኝ። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው በራሴ የሳቅኩት።

ይህ አመል የያዘኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ትምህርት በማይኖረኝ ሰዓት ቢዩፎርድ ሀይዌይ በሚባለው መንገድ ላይ ባለች በጋሽ መስፍን ቢሮ እሠራ ነበር። ጋሽ መስፍን ለአገር ሰው ታክስ ይሠራሉ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ያስቆርጣሉ፣ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ ያስረዳሉ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እንግዳ እቀበላለሁ። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከዚህ የባሰ ሥራ የለም። አዲሱ አፓርታማዬ የዓሣ ገንዳ አይፈቅድም ሲሉኝ ጋሽ መስፍንን ለምኜ የመስታወት ገንዳዬን ወደ ቢሮው አመጣሁት፤ ወረፋ ጠባቂዎች ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብም ቦታ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዓሦቹን ሆነ። እኔ ተረፍኩ። የገንዳው ተክሎች ከትናንሽ ቁራጭ ጀምሬ ያሳደግኳቸው ናቸው፤ ረጃጅም ቅጠሎቻቸው ውሃው ውስጥ ሲወዛወዙ ሳይ የልቤ ምት ይረጋልኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ውሃው መለወጥ ጀመረ። በዚያ ሰሞን አትላንታ ከዛፎቹ የሚወርድ ቢጫ ብናኝ ይለብሳል፤ መኪናው፣ መንገዱ፣ የጫማ አፍንጫ ሳይቀር። «ፖለኑ ነው፣ በሩን ዝጉት» አሉ ጋሽ መስፍን። በሩ ተዘጋ። ውሃው ግን ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ቀጥሎ ዓሦቹ መስታወቱ ድረስ ካልመጡ የማይታዩ ሆኑ።

ምክር በየወንበሩ ነበር። አንዲት አዛውንት ደንበኛ «ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጊበት የኔ ልጅ» አሉኝ። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ሰው ደግሞ «ድፊውና አዲስ ሙይበት፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለ። ውሃውን በከፊል ቀየርኩ፤ አረንጓዴው ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ጋሽ መስፍን ጠሩኝ።

«ሕሊና፣ ይህን ውሃ ያየ ካስተመር እኔን አምኖ ወረቀቱን ይሰጠኛል? ቢዚ በሆንበት ሰዓት! በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ካልጠራ ለሚወስደው ሰው ስጪው።»

ገንዳውን የሚወስድ ሰው አላውቅም ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ጥርጣሬ ሰውን ይፈልጋል፤ የኔ ደግሞ እትዬ ጽጌን አገኘ።

እትዬ ጽጌ በቢሮው ቲኬት የሚቆርጡት ሴት ናቸው። ገንዳው ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቦታ የእሳቸው ኮፒ ማሽን ነበር። «ለዓሣ ቦታ ተገኘ፣ ለኔ ሥራ ግን ጠፋ» ብለው ለጋሽ መስፍን ሲያማርሩ ሰምቼአለሁ። አንድ ቀን ክፍል ቀርቶ ጠዋት ስደርስ ገንዳው ዘንድ ቆመው አገኘኋቸው። የሹራባቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ተሰብስቧል፤ እጃቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሲያዩኝ በሶፍት ጠራረጉና «እንደምን አደርሽ» ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። እኔም «ደህና አደሩ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን ማሽተት ያዝኩ። ሻይ ጠጥተው ሲነሡ ኩባያቸው ውስጥ ትራፊ መቅረቱን፣ ገንዳው ውስጥ አለመደፋቱን አያለሁ። በገንዳው መስታወት ላይ የሚያርፈውን ጥላቸውን ሳይቀር እከታተል ነበር።

ቅዳሜ ማጣሪያ ልገዛ ኖርክሮስ ወዳለ የዓሣ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ትልቅ ባልዲ የሚያህል ማጣሪያ ከመደርደሪያ አወረደ።

«ይሄ የማያጠራው ውሃ የለም።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ስፖንጅ፣ በስፖንጅ ላይ ስፖንጅ!»

ፈገግታው በዛብኝ። ከገንዳዬ አንድ ጠብታ ወስጄ በዩኒቨርሲቲው ማይክሮስኮፕ አይቼው ነበር። አረንጓዴው ቆሻሻ አልነበረም፤ ሕይወት ያለው፣ እየተሽከረከረ የሚዋኝ ደቃቅ ነገር ነው። ስፖንጁን አልፎት ቢመለስስ ብዬ ጠየቅኩት። «ቀስ በቀስ ይሻሻላል» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጎ። አመስግኜው ዞር አልኩና የየካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ውስጧ አልትራቫዮሌት መብራት አላት፤ ውሃው በመብራቱ ዙሪያ ሲያልፍ አረንጓዴው ይሞታል። እሷንም አላመንኳትም። ተክሎቼን ብታቃጥልስ? የመጀመሪያው ሻጭ እንዳያየኝ ተደብቄ ሌላዋን ሠራተኛ ጠየቅኳት። መብራቱ የተሸፈነ ስለሆነ ቅጠልም ዓሣም አይነካም አለች። ካርቶኑም ያንኑ ይላል። ገዛኋት።

ማጣሪያዋ መሥራት ከጀመረች በኋላ ሰኞ ለውጥ አልነበረም፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ የቅጠሎቹ ጫፍ ታየ። ሐሙስ ዓሦቹ ከነጅራታቸው ብቅ አሉ። ዓርብ ከሰዓት ስገባ ውሃው እንደ መስኮት ጠርቶ እስከ ሥሩ ይታይ ነበር።

ከሥሩ ቆሎ ተነጥፏል። አብጦ የነጣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ በየተክሉ ሥር የረጠበ የዳቦ ፍርፋሪ። አረንጓዴውን ሲቀልበው የከረመው ይህ ብስባሽ ነው።

«እትዬ ጽጌ!» ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ቀና አለ። «ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡና በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ያዙ።

«ውይ! ይሄ ሁሉ ሥር ነበር እንዴ? እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት የሚንሳፈፈውን ስለቅም ነው የከረምኩት!»

«ማነው የሚጥለው?»

«ማን የማይጥል አለ?» አሉና ወደ ወንበሮቹ ዞሩ። «ንገሯት እንጂ!»

ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጋሽ መስፍን ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ቆሎ በሰሃን ያቀርቡ ነበር። በረኪና ያዘዙልኝ አዛውንት ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ እየቆረጠምኩ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ እንዴት ያስችለኛል?» አሉ። ሌላው «እኔ አንዲት ፍሬ ነው» አለ። አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። በዚህ መሃል ጋሽ መስፍን ጩኸቱን ሰምተው ከውስጥ ወጡ፤ መዳፋቸው ሙሉ ቆሎ ነው።

እትዬ ጽጌ ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ዋናው እሳቸው ናቸው» አሉኝ። «አለቃዬን ምን ብዬ ልክሰስ? ለአንቺ እንዳልነግርሽ፣ ደንግጠሽ ሥራውን ጥለሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጋሽ መስፍን ገንዳውን አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። «በሉ፣ ሰሃኑ ጽጌ ጠረጴዛ ላይ ይሁን» አሉና ተመልሰው ገቡ። ገንዳውን ስለማስወጣት ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተነገረኝም።

አሁን የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ዕቃ ስገዛ ሻጩን እስኪታክተው እጠይቃለሁ፤ በዚህ አላፍርም። የሰው ነገር ሌላ ነው። ያኔ የክፉ ሰው እጅ ስፈልግ ነበር የከረምኩት፤ ገንዳዬን ሊያሳጡኝ የደረሱት ግን ደግ እጆች ናቸው። ለእነሱ የተሠራ ማጣሪያ ደግሞ እስካሁን በየትኛውም ሱቅ አላየሁም።

የጋሽ መስፍንን ቢሮ ስለቅ ገንዳውን ለእትዬ ጽጌ ተውኩላቸው። የዶራቪሉን ነገር ልነግራቸው ትናንት ደወልኩላቸው። ከሳቅን በኋላ ዓሦቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ናቸው፤ ወፍረዋል።»

«በምን ወፈሩ?»

«አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው ሰው ማመን የምትጀምሪው?» አሉኝ። አፋቸው ውስጥ ግን አንድ ነገር ሲቆረጠም እሰማ ነበር።