የሞተር ዘይት የተቀባች ውሻ

ሽማግሌው ሴት ውሻውን በአንሶላ ጠቅልሎ ኦብዱሊያ ውሻ የምታጥብበት ቤት ሲገባ፣ ቀድሞት የደረሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ነበር። ሸሚዙ በጥንቃቄ ተተኩሷል፤ ክንዶቹ ግን እስከ ክርኑ ጠቁረዋል። በኢኳዶሯ የጓያኪል ከተማ ሰፈሮች ውሻ እከክ ሲይዘው ጎረቤት ሁሉ የሚያዘው ይህንኑ ዘይት ነው።

«አባባ፣ ያመጡልኝ ውሻ ነው ወይስ የጭነት መኪና?»

«አትቀልጂብኝ ልጄ። ዛሬ ጠዋት ነው የቀባኋት። ልሳው ከሆነ ትሞትብሃለች አሉኝ።»

ኦብዱሊያ የውሻዋን አፍ ከፍታ ምላሷንና ድዷን አየች፤ ንጹሕ ነው። ጥቁሩ እንዲላቀቅ መጀመሪያ የምግብ ዘይት አሸችባት፤ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብታ ውሃ ደጋግማ አጠበቻት። ሰውዬው እንዳትልስ አገጯን ይዞ አንዴም አልለቀቀም። ውሃው እየጠራ ሲሄድ ቆዳዋ ታየ፤ ቀላ ብሏል እንጂ አልተላጠም።

«ተርፋለች። ለእከኩ የእንስሳት ሐኪም ክኒን ይስጣት፤ ፀጉሯም ይመለሳል። ዘይቱን ግን ለመኪና ይተዉለት።»

ፎጣውን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አደረቃት፤ ብብቷን፣ የጆሮዋን እጥፋት፣ የጣቶቿን መሃል ሳይቀር።

«እንዲህ ማድረቅ ማን አስተማረዎት?»

«ሚስቴ። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ስትደውል ከእኔ በፊት የምትጠይቀው ይህችን ነው። የዚህች ውሻ ፀጉር መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ስልኩን ላነሳላት ፈራሁ።» ውሻዋን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሳቀ። «አሁንስ ራሴ እደውላለሁ።»